ቧንቧው አንድ፣ ተቆጣጣሪው ሁለት

አንድ አጎቴ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ትንሽ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። በመጀመሪያው ዓመት የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የቆፋሪው ዶማ ከብረት ጋር ተጋጨ። አፈሩ ሲጠረግ የበርሜል ያህል ውፍረት ያለው የውሃ ቧንቧ ተገኘ። አጎቴ ወደ አንደኛው ጽሕፈት ቤት ሄደው ቢያመለክቱ «ቧንቧው የእኛ አይደለም» አሏቸው። ወደ ሁለተኛው ቢሄዱ «መሬቱ የእኛ አይደለም» አሏቸው። ስለዚህ ተመልሰው ጉድጓዱን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አድርገው አስቆፈሩት። እስከ ዛሬ ድረስ መጥቶ ያየው ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው አጎቴን ለመክሰስ አይደለም፤ እሳቸው ከብዙው ሰው ይልቅ ጠይቀዋል። ነገሩ የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ብዙው የሚመጣው ከከተማው አስተዳደር ወሰን ውጭ ነው። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ የለገዳዲ በ1960ዎቹ መባቻ፣ የድሬ ደግሞ በ1990ዎቹ መባቻ ተሠሩ። ለገዳዲ ሲሠራ ከግድቡ እስከ ከተማው ያለው አገር በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው መንገድ ላይ ከተማ በቅሎበታል። ቧንቧው ከኦሮሚያ ክልል ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ወሰን ጠይቆ አያልፍም፤ የግንባታ ተቆጣጣሪው ግን ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር ደነገገ። ጥሩ ሕግ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ከተማ ሹም ሥልጣን በጎረቤቱ ከተማ አይሠራም።

«ቧንቧ ላይ ቤት ቢሠራ ምን ይሆናል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጉዳቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የግንቡና የጭነት መኪናው ክብደት መገጣጠሚያውን ይጫነዋል፤ ቧንቧው የፈነዳ እንደሆነም ውሃው የቤቱን መሠረት ይሸረሽራል። ሁለተኛ፣ ጠጋኞቹ ቆፍረው ለመድረስ ቦታ ያጣሉ። ሦስተኛውና የከፋው ግን ዓይን የማያየው ነው። ውሃ በኃይል ሲፈስ ከቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። በፈረቃ ሲቋረጥና ግፊቱ ሲወድቅ ግን ቧንቧው በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ የሚሳበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ውሃው በማጣሪያው ጣቢያ የቱን ያህል ቢጠራ፣ ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ የሚደርስበትን ማጣሪያው አያድነውም። ጉድጓዱ በአንደኛው አስተዳደር ተቆፍሮ በሽተኛው በሌላው ይተኛል ማለት ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድነት መቆጣጠራቸው ነው ስል፣ ይህ ቃል በዚህ አገር ከባድ ታሪክ እንዳለው አልዘነጋም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ምን እንዳስከተለ እናውቃለን። በዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ታላላቆቻችን ተቃወሙ፤ ሰው ሞተ፤ ፕላኑም በጥር 2008 ተሰረዘ። ገበሬው «አንድነት» ሲባል መሬቱ የሚሄድበት መንገድ መስሎት ቢፈራ አይፈረድበትም። በየካቲት 2011 ደግሞ በለገጣፎ ለገዳዲ ከተማ ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ሲፈርሱ አይተናል። ሰው ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ከወደቀ በኋላ የሚመጣ ቁጥጥር ቁጥጥር አይባልም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንዳንዶች ስለዚህ የቧንቧውን መስመር በሙሉ ለአንድ አካል አስረክቦ መገላገል ነው ይላሉ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መሬት ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ይዛወር በተባለበት ቀን የቧንቧው ጉዳይ ተረስቶ የወሰን ክርክር ይነሣል። በነሐሴ 2014 ሁለቱ ወገኖች ስለ ወሰናቸው ተስማምተናል ያሉት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እናስታውስ። ስለዚህ መሬቱ ባለበት ይቆይ፤ የሚጣመረው ዓይኑ ብቻ ይሁን።

የኔ አሳብ ይህ ነው። ቧንቧው የሚያልፍበት መስመር በአንድ ካርታ ላይ ተሥሎ ሁለቱም የሕንፃ ሹሞች እጅ ይግባ፤ በምድሩም ላይ ማንም የሚያየው ችካል ይተከል። በዚያ ክልል ውስጥ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ ውሃውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። ፍተሻው ጣሪያ ከተመታ በኋላ ሳይሆን መሠረት ሲቆፈር፣ ከሁለቱም ወገን በተላኩ ሰዎች ይደረግ። አስቀድመው የሠሩ ሰዎች ደግሞ በመጀመሪያ ይመዝገቡ፤ ጉድጓዱ ይነሣ፤ ቤቱ መነሣት ካለበትም ምትክና በቂ ጊዜ ይሰጥ።

በመጨረሻም ዋናው ነገር ይህ ነው። ቧንቧው በደጁ የሚያልፍበት ሰው ከዚያ ቧንቧ የሚጠጣው ከሌለ ለምን ይጠብቀዋል? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እንዲጠበቅ ሲል የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን ጠቅሷል። ይህ ቃል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቦታ የለውም። የመስመሩ ጎረቤቶች የቧንቧ ውሃ ያግኙ፤ የፍተሻውንም ወጪ ተጠቃሚዋ ከተማ ትካፈል። ያን ጊዜ ቧንቧውን የሚጠብቀው ሹሙ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ይሆናል።

ማኅበራችን ስለ ትልልቅ ነገር ብዙ የክርክር ምሽት አዘጋጅቷል። አንዱን ምሽት ለዚህ ቢሰጥና ከሁለቱም አስተዳደሮች አንዳንድ ኃላፊ ቢጋብዝ መልካም ይመስለኛል። እኔም አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ አጎቴ እነዚያን ሁለት እርምጃዎች ፈቀቅ ከማለታቸው በፊት፣ ማንን መጠየቅ ነበረባቸው?