ከኋላ ለተፈናጠጠው እንሰብ

በቅሎ ላይ ሰው ያፈናጠጠ ሰው አካሄዱን ማለዘብ እንደሚገባው ያውቃል። ሞተር ብስክሌት በቅሎን በተካበት ቤት ግን፤ ነጂው መንገዱን ፊት ለፊት ሲያይ፤ ከኋላው የተቀመጠችው ባለቤቱ ወይም እናቱ ጉድጓዱን የምታውቀው ከነጠረች በኋላ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ዝምታዋም የተመቻት ያስመስላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኋላው መቀመጫ ለኋላው ጎማ ቅርብ ስለ ሆነ የጉድጓዱ ምት ፈጥኖ ይደርስበታል፤ ተፈናጣጩም የሚይዘው መሪ የለውም። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የኋላውን ጎማ አየር ፋብሪካው ለሁለት ሰው በወሰነው መጠን መሙላት፤ ሞላውም የሚስተካከል ከሆነ ለሁለት ሰው ክብደት ማጥበቅ ይገባል። የላላ ሞላ በጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ወገብን ይመታልና።

ነጂው፤ ተፈናጣጩ ከመውጣቱ በፊት ሁለት እግሩን ምድር አስረግጦ ፍሬኑን ይያዝ። በመንገድም ነዳጁን በዝግታ ይስጥ፤ ማርሹን በለዘብታ ይለውጥ። ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ተፈናጣጩ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ደግሞ ራሱ ከነጂው ራስ ይጋጫል።

ተፈናጣጩም ወደ ነጂው ቀረብ ብሎ ይቀመጥ፤ እግሮቹን ከመርገጫው አያንሣ፤ ከጋለው የጭስ ማውጫም ያርቃቸው። በመታጠፊያ ላይ ከነጂው ጋር አብሮ ያዘንብል እንጂ በተቃራኒው አይሳብ። እግሩ መርገጫውን የማይደርስ ሕፃን ግን ሊፈናጠጥ አይገባውም።

ነጠላና ረጅም ቀሚስ ከጎማው ወይም ከሰንሰለቱ ጋር ሲጠመጠም የለበሰውን ሰው ጎትቶ ይጥላል። ሳሪ የሚለበስባት ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ደንብ፤ ሞተር ብስክሌት ለተፈናጣጩ እጀታና መርገጫ እንዲኖረው፤ የኋላው ጎማም ቢያንስ እኩሌታው በመከለያ እንዲሸፈን አዝዛለች። እኛም እንዲህ ያለውን መከለያ በብረት ሠራተኛ ማሠራት እንችላለን፤ እስከዚያው ነጠላን በወገብ አጥብቆ መታጠቅ፤ ቀሚስንም ሰብስቦ ከጭን በታች ማድረግ ያስፈልጋል።

የራስ ቁርም የነጂው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የጥናቶች ምርመራ፤ ቁር የራስን ጉዳት በ69 በመቶ፤ ሞትንም በ42 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አስረድቷል።

ነፋሱና የሞተሩ ድምፅ ቃልን ስለሚውጡ፤ ትከሻን አንድ ጊዜ መንካት «ቀስ በል»፤ ሁለት ጊዜ መንካት «ቁም» ማለት እንዲሆን አስቀድመን እንስማማ። በረጅም መንገድም በየሰዓቱ ወርደን እግራችንን እናፍታታ። ስንደርስም «እንዴት ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚመጣውንም መልስ ለሚቀጥለው ጉዞ እንያዘው።