ከተረከዝ የምትወሰድ የደም ጠብታ

ልጅ ሲወለድ «እጅ እግሩ ሙሉ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። የማይታየውንስ? የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ይዞ የተወለደ ሕፃን መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ምልክቱ እስኪታይ ከተጠበቀ አእምሮው ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በ2 ሳምንት ውስጥ ሕክምና ከጀመረ ግን በቀን አንዴ በሚሰጠው ርካሽ ኪኒን እንደ እኩዮቹ ያድጋል።

አሜሪካ የሚወለድ ሕፃን ሆስፒታል ሳለ ከተረከዙ ደም ይወሰድለታል። እኛ ጋ ይህ ለሁሉም የሚደረግ መደበኛ ምርመራ አይደለም። ሒሳቡ ግልጽ ነው እኮ፦ ኪኒኑ ርካሽ ነው፣ የዕድሜ ልክ እንክብካቤው ቤተሰብ ያደኸያል።

እስከዚያው ከወሊድ በፊት «ይህ ምርመራ የት ይሠራል?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ደሙ ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው ከተወሰደ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ውጤቱንም ተከታትላችሁ ውሰዱ።