የአዋሽ ጥጥ፦ ዘር ብቻውን ሙቀትን አይመክትም

«የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ጥጥ» የሚለው ሐረግ በልማት ዕርዳታ ሰነዶች ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። ሐረጉ ግን ሙቀትንና ድርቅን እንደ አንድ ችግር አጣምሮ ያልፋል። በአፋር ክልል፣ በመካከለኛው አዋሽ የአሚባራ እርሻዎች፣ ይህ ማጣመር ገንዘቡን ወዳልተፈለገ አቅጣጫ ሊወስደው ይችላል።

ጥጥ ድርቅን በመጠኑ ይችላል። ዋና ሥሩ ጠልቆ እርጥበት ይፈልጋል፤ ውኃ ሲያንሰው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ያጠብባል፤ ችግሩ ሲበረታ እምቡጡንና ለጋ ፍሬውን አራግፎ የቀረውን ያድናል። ከሙቀት የሚድንበት መንገድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ላብ ሰውን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ ጥጥም የሚቀዘቅዘው በእነዚያው ቀዳዳዎች ውኃ በማትነን ነው። አየሩ ደረቅ በሆነበት ስፍራ በቂ ውኃ ያገኘ የጥጥ ቅጠል ከከበበው አየር በተወሰነ ዲግሪ ቀዝቅዞ ይውላል። ውኃ ለመቆጠብ ቀዳዳውን የዘጋ ተክል ይህን መከላከያ ያጣል። ስለዚህ በውኃ ቆጣቢነቱ ብቻ የተመረጠ ዝርያ በሐሩር ማሳ ላይ ይበልጥ ሊግል ይችላል።

ጉዳቱ የሚከፋው በአበባ ወቅት ነው። የጥጥ አበባ ጠዋት ፈክቶ በማግስቱ ይጠወልጋል፤ ለመራባት ያለው ዕድል የአንድ ቀን ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ሲሰነብት የአበባው ዱቄት ይዳከማል፤ ፍሬው ይረግፋል፣ ወይም ጥቂት ዘር ብቻ ይይዛል። በወረር አካባቢ በሰኔ እንዲህ ያለ ሙቀት እንግዳ አይደለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለንግድ እርሻ የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ የተሠራው ጓይ ትልን ለመከላከል ነው። ጥቅሙ ምንም ይሁን ምን፣ ለሙቀት የተሰጠ መልስ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም። በአዋሽ ሸለቆ የሙቀት ፖሊሲ በአመዛኙ የውኃ ፖሊሲ ነው፤ ጥያቄው ማሳው ሲያብብ ውኃው በሰዓቱ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

ይህ ማለት ብዙ ውኃ ይልቀቁ ማለት አይደለም። በአሚባራ ያለ በቂ ማንጣፈፊያ የተለቀቀ መስኖ የከርሰ ምድር ውኃውን ከፍ አድርጎ ጨው አስከትሏል፤ ጨው ባለበት አፈር ደግሞ ተክል በእርጥብ ማሳ ላይ ቆሞ ይጠማል። ከዚህም የከበደ የፍትሕ ጥያቄ አለ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1962 ከተቋቋመ ወዲህ የተስፋፉት ሰፋፊ እርሻዎች የአፋር አርብቶ አደሮችን የበጋ ግጦሽና የወንዝ ዳርቻ ወስደዋል። ለጥጥ አበባ የሚደርሰው ውኃ ዳግመኛ ከከብቶቻቸው አፍ የሚነጠቅ ከሆነ፣ ዕርዳታው ለአሮጌው በደል አዲስ ስም ሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ለጥጥ የተመደበ በጀት ሲቀርብላቸው ከዘሩ ስም አልፈው የቦይና የማንጣፈፊያ ጥገናው ድርሻ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ዝርያዎቹ ሙቀት ከውኃ ጋርና ሙቀት ያለ ውኃ ተለይተው በወረር የምርምር ማዕከል መፈተናቸውን ያጣሩ። የውኃ ክፍፍሉ በሚወሰንበት ስብሰባም የአፋር ጎሳ መሪዎች ድምፅ እንዲኖራቸው፣ ይህም ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት በስምምነቱ እንዲጻፍ ያድርጉ።