ቀይ ቀለምና የመመሪያ ገጽ

በነገሌ ቦረና ከአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ፣ ለሞተር ጉድጓድ ጠባቂዎች የታሰበ ባለ 4 ገጽ መመሪያ ሲጻፍ በተመለከትሁ ጊዜ፣ ጸሐፊዋ አርእስቱን ወደ መካከል ለማምጣት የባዶ ቦታውን ቁልፍ 21 ጊዜ ስትመታ ቈጠርሁ። ያው ጽሑፍ በፍላሽ ሞያሌ ደርሶ በሌላ ማሽን ሲከፈት፣ አርእስቱ ወደ ዳር ተንሸራቶ፣ «ዘይቱን ሳታይ ሞተሩን አታስነሣ» የሚለውም ማስጠንቀቂያ ከተራው ሐተታ ጋር ተደባልቆ ተገኘ። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ «ይህ አርእስት ነው» ብላ ለማሽኑ የምትነግርበትን ቃል ያስተማራት የለምና።

ቃሉ ግን ከተፈጠረ ቈይቷል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የመጀመሪያ መመሪያ በጥቅምት 1964 ዓ.ም. ባወጡ ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ገጽ ሰጥተው ስሙን፣ አጻጻፉንና ሐተታውን በተርታ ሲያኖሩ፣ የፕሮግራሙ ጉድለት የሚነገርበትንም ክፍል አልዘነጉም፤ የእኛ አገር መመሪያ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ይዞ ሲወጣ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ጆሴፍ ኦሳና ኋላ በደረሱት፣ ጽሑፍን ለኅትመት በሚያሰናዳው ፕሮግራም በትሮፍ ደግሞ በነጥብ የሚጀምር መስመር ለማሽኑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ብዙውን ትእዛዝ በአንድ ስም የሚያስረውም ማክሮ ይባላል። «ነጥብ ኤስ ኤች» ብሎ የክፍሉን ስም ለጻፈ ሰው፣ ርቀቱንና ድምቀቱን ማክሮው ራሱ ይሰፍርለታል።

ሆኖም ማክሮ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ክርክሬም በዚህ ላይ ነው። በቀደመው ልማድ «ነጥብ ቢ» አደምቅ፣ «ነጥብ አይ» አዘንብል ማለት ሲሆን፣ ሲንቲያ ሊቪንግስተን በበርክሌይ ባሰናዱት፣ ኤምዶክ በተባለው የማክሮ ስብስብ ግን ጸሐፊው የቃሉን መልክ ትቶ ግብሩን ይናገራል፦ «ነጥብ ኤን ኤም» ይህ የፕሮግራሙ ስም ነው፣ «ነጥብ ኤ አር» ይህ ተጠቃሚው የሚያገባው ነው ይላል። ለላቲን ጸሓፊ ልዩነቱ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነው። ፊደላችን ማዘንበልን አያውቅም፤ «ሀ»ን በግድ ያዘነበለ ሰው የደከመች «ሀ» ብቻ ያገኛል። የብራና ጸሐፊዎቻችን የእመቤታችንን ስም፣ የጻድቁን ስም፣ የመጽሐፉንም መክፈቻ ከሌላው የሚለዩት በቀይ ቀለም ነበር፤ ይኸውም ቃሉ ስም ስለ ሆነ እንጂ ገጹ እንዲያምር ብቻ አልነበረም። «ይህ ስም ነው» የተባለ ማሽን ለላቲኑ ማዘንበልን፣ ለፊደሉ ቀዩን መምረጥ ይችላል፤ «አዘንብል» ብቻ የተባለው ግን ምርጫ የለውም።

ይህ በነገሌ፣ በፊልቱና በሞያሌ ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ መመሪያ በአማርኛ በፊደል፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ በላቲን መውጣት አለበትና። ቢሮዎቻችን ሁሉ ወደ ትሮፍ ይግቡ አልልም። ዕለት ዕለት በሚጽፉበት ፕሮግራም ውስጥ «ስታይል» የሚባለው መሣሪያ የዚያው አሳብ ታናሽ ወንድም ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከፍጥነት መተየብ አስቀድመው እርሱን ያስተምሩ።

ያንን የሞተር መመሪያ ማታ ቤቴ ወስጄ፣ ማስጠንቀቂያውን «ማስጠንቀቂያ» በሚል ስም አስሬ ጻፍሁት። የጽሕፈት ቤቱ ማተሚያ ያለው ጥቁር ቀለም ብቻ ስለ ሆነ፣ በነገሌ በወፍራም መስመር ተከብቦ ወጣ፤ ባለ ቀለም ማተሚያ ሲገኝ፣ ከጽሑፉ አንዲት ቃል ሳትነካ፣ ያው መስመር ቀይ ይሆናል።