ራውተር ያልነካ እጅ በገበያው ስንት ያወጣል?

ከወላይታ ሶዶ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የዲግሪውን ቅጂ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለሥራ ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ የሚገባ ወጣት ምሩቅ ብርቅ አይደለም። በትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለኔትወርክ መሐንዲስነት ሲቀርብ ግን ጠያቂዎቹ የሚሹት ሌላ ነው።

«አንድ ቅርንጫፍ 50 ኮምፒውተሮች አሉት፤ አድራሻ እንዴት ትመድብላቸዋለህ?» ይሉታል። የ64 አድራሻዎች ክፍልፋይ እንደሚበቃ፣ ከእነዚህም 62ቱ ለመሣሪያዎች እንደሚውሉ ክፍል ውስጥ ተምሯልና ይመልሳል። ጭንቁ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። «ደንበኛ ኢንተርኔት ተቋረጠብኝ ብሎ ደወለ፤ ከየት ትጀምራለህ?» እዚህ ላይ የሚፈለገው ከኬብሉ ተነስቶ ስዊቹን፣ አድራሻውን፣ ራውተሩን፣ በመጨረሻም ዲኤንኤሱን በቅደም ተከተል የሚፈትሽ ሰው ነው። ይህን የሚያስተምረው የተበላሸ መስመር እንጂ የፈተና ወረቀት አይደለም።

ኩባንያዎቹ ያለ ምክንያት አላጠበቁም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ ከነዋትስአፑና ከነኢንስታግራሙ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። መነሻው በጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን በዋትስአፕ የሚቀበል ነጋዴ ያችን ምሽት አይረሳትም።

በአገር ውስጥስ? የቴሌኮም ባለሙያ ዋና አሠሪ ለረጅም ዘመን አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ሌላ ገዥ ወደ ገበያው ገባ። ባንኮችም ይህንኑ ሙያ ይፈልጋሉ። በሌላው ወገን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ። ፍላጎትም ዲግሪም እያለ የጎደለው በመካከል ያለው የእጅ ልምምድ ነው። የወላይታ ገበሬ ይህን አይስተውም፤ እንሰት ዓመታት ፈጅቶ ቢያድግም ካልተፋቀና ጉድጓድ ገብቶ ካልተብላላ ቆጮ አይሆንም።

ጉድለቱን በዩኒቨርሲቲው ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት። ሆቴሉ፣ የባንክ ቅርንጫፉ፣ የብድርና ቁጠባ ተቋሙ ሁሉ ኔትወርክ ዘርግቷል። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል በመስኮት በኩል ሲነገር ደግሞ የሚከስረው ባለቤቱ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ለምሳና ለትራንስፖርት የሚበቃ እየከፈሉ ሁለት ሁለት ምሩቃንን ለሦስት ወር ቢያስጠጉ፣ በባለሙያ ሥር ሆነው ኬብል ቢስቡና ስዊች ቢከፍቱ ምን ይጎዳሉ? ምሩቁም ቢሆን ምክንያት የለውም፤ ፓኬት ትሬሰርን የመሰለ መለማመጃ በነፃ ይገኛል።

«ሠልጥኖ ጥሎን ይሄዳል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የሚሄድ ይሄዳል። ሆኖም በሦስት ወሩ የሠራው ሥራ ይቀራል፤ ከእሱ ሥር የተማረውም ይተካዋል። ባለሀብቱ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት በሩን ዘግቶ የሚጠብቅባቸውን ሰዓቶች ይቁጠርና ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።