ስፖርት ከደጃችን ይጀምራል

በመስከረም «ዘንድሮስ ስፖርት እጀምራለሁ» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ኅዳር ሲገባ ግን አዲሱ የስፖርት ጫማ አልጋ ሥር ይወሸቃል። ብዙዎች ይህን የጽናት ማነስ ነው ይሉታል። እኛ ግን ጉድለቱ ከጽናቱ ሳይሆን ከአጀማመሩ ነው እንላለን።

ከባድ ሣጥን ወለል ላይ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ሣጥኑን ከቆመበት ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል ከተነሳ በኋላ ለመግፋት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። በፊዚክስ ቋንቋ፣ በቆመ አካል ላይ ያለው ሰበቃ በሚንቀሳቀስ አካል ላይ ካለው ይልቃል። ለስፖርት ብሎ ልብስ መቀየር፣ ሰዓት መመደብና ቦታ መፈለግም ሣጥኑን በየቀኑ እንደገና ከማስነሳት አይለይም። ብልሃቱ እንቅስቃሴውን ቀድሞውኑ ከምናከናውነው ተግባር ጋር ማያያዝ ነው።

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ስፖርተኞች አልነበርንም፤ ነገር ግን ከማደሪያችን እስከ ቤተ ሙከራው በየዕለቱ በእግር እንመላለስ ነበር። ወደ መቐለ ተመልሰን ሓድነት ከተቀመጥን በኋላ ከደጃችን ባጃጅ መያዝ ለመድን፤ ቀበቷችንም ቀዳዳ በቀዳዳ እየሰፋ ሄደ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ ለአምስት የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 30፣ ማለትም ለመሄጃ 15፣ ለመመለሻ 15 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው 15 ደቂቃ ማለት 1.25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሥራ ቦታው የሚርቅበት ሰው ከመድረሻው ቀደም ብሎ ከባጃጁ ቢወርድ ይበቃዋል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ልኩን ከፍጥነት ይልቅ ትንፋሽ ይነግረናል፤ እየተራመዱ መነጋገር የሚቻል፣ መዝፈን ግን የሚያቅት ከሆነ ልኩ ደርሷል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በዘለቀው ጦርነት ነዳጅ በጠፋ ጊዜ የከተማችን ሕዝብ በእግሩ ሄዷል። በረሃብና በሐዘን የተገደደ ጉዞን ስፖርት ብሎ መጥራት ነውር ነው። ያ ጊዜ ግን «ሩቅ ነው» እንለው የነበረው ብዙ ስፍራ በእግር የሚደረስ መሆኑን አሳይቶናል። በግድ የተራመድነውን በውድ መራመድ ለምን ያቅተናል?

በለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ ጥናት፣ አዲስ ተግባር ያለ ብዙ ማሰብ የሚከናወን ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀናት እንደሚወስድ፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀናት እንደሚለያይ አመልክቷል። አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን አላፈረሰውም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት የሰለቸ ሰው ደካማ አይደለም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሕዝብ ለ66 ቀን እንግዳ አይሆንም።

በእርግጥ ሸክሙ ሁሉ በግለሰቡ ላይ ሊወድቅ አይገባም። መንገድ ሲቀየስና ቦይ ሲቆፈር እግረኛውም ሊታሰብ ይገባል። እስከዚያው ግን አንባቢያችን ነገ ጠዋት ባጃጅ ከማስቆሙ በፊት ሰዓቱን አይቶ 15 ደቂቃ ይራመድ። ሣጥኑ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው።