ሰማያዊ የተባልነው እኛ ነን

ሰሞኑን ትንሿ ልጄ ስልኬን ከስፒከር ጋር እያገናኘች «አባዬ፣ ብሉቱዝ ማለት ሰማያዊ ጥርስ ነው አይደል?» አለችኝ። ነው፤ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴንማርክን የገዛው የንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም ነው አልኳት።

«ጥርሱን ቀለም ቀብቶት ነው?»

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ እኔም በዚሁ ቃል አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ።

የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ከዓመታት በፊት አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጻፈው የነገሥታት ታሪክ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንድመልስ ተሰጠኝ። እዚያ «ብላላንድ» የሚል የአገር ስም አለ። በመጽሐፉ ቋንቋ «ብላር» ሰማያዊ፣ «ላንድ» ምድር፤ «ሰማያዊው ምድር» ብዬ አስረከብኩ። ኋላ ሳጣራ ብላላንድ የጥቁሮች አገር ነው። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች በላቲን መጻሕፍት ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ሲያገኙም የሚመልሱት በዚሁ ስም ነበር። የገዛ አገሬን ስም አንብቤ ሳላውቃት አለፍኳት!

ለእነዚያ ሰዎች ብላር የሰማይ ቀለም ብቻ አልነበረም። የቁራ ላባ ብላር ነው፤ ተመትቶ የበለዘ ገላም ብላር ነው። የሃራልድም ጥርስ ጠቁሮ እንጂ ሰማይ መስሎ አይመስለኝም። ልጄን «መፋቂያ አጥቶ ይሆናል» አልኳት።

ብላር የሚገኝበት የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ በርካታ የቀለም ስሞች ከኑሮ የወጡ ናቸው። በጀርመንኛ አረንጓዴው «ግሩን» እና ሣሩ «ግራስ» የበቀሉት ማደግን ከሚያመለክት አንድ ሥር ነው። ስንዴ «ቫይትሰን» የተባለው ከነጩ፣ ከ«ቫይስ» ነው፤ ዱቄቱን ያየ ምክንያቱን አይጠይቅም። የእንግሊዝኛው «ብላክ» ደግሞ መንደድን ከሚያመለክት ሥር ይመዘዛል፤ ከዚያው ሥር የገረጣና የነጣ የሚል ትርጉም ያለው ቃልም ተወልዷል። እሳት ሲነድ ያበራል፣ ሲጠፋ ከሰል ይተዋል።

እኛስ ቡናን አይተን ቡናማ ብለን የለም? «ቀይዋን ልጅ ጥሪልኝ» ሲባልስ በርበሬ የመሰለች ልጅ የሚፈልግ አለ?

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አደራ! በድሮ ጽሑፍ ውስጥ የቀለም ስም ስታገኙ መዝገበ ቃላቱ በሰጣችሁ የመጀመሪያ ፍቺ አትርኩ። ቃሉ ስለ ምን ተባለ? ስለ ሰማይ ነው ወይስ ስለ ቁራ? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ አገሬን ሰማያዊ ቀብቻታለሁ።